ቁርጥራጭ ከመቁጠር ባሻገር፦ የጠፈር መንኮራኩር መጫወቻ በምን ይመዘናል?

ስለ ተገጣጣሚ ጡቦች የሚጻፍ ግምገማ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቁጥሮች ይጀምርና በእነዚያው ያበቃል። አንደኛው በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ቁርጥራጮች ብዛት ነው፤ ሁለተኛው ዋጋው ለቁርጥራጮቹ ሲካፈል የሚገኘው ሳንቲም ነው። ልማዱ ሥር ከመስደዱ የተነሣ አንዱ ቁርጥራጭ በ8 የአሜሪካ ሳንቲም የሚወጣበት ስብስብ "ርካሽ"፣ በ11 ሳንቲም የሚወጣበት ደግሞ "ውድ" ተብሎ ይመደባል። እህል በኪሎ ለሚሸጥ ነጋዴ ስሌቱ ነውር የለበትም። ጉዳዩ የሰብሳቢዎች ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮም ለእነርሱ መተው በተቻለ ነበር። ነገር ግን እነዚሁ ጡቦች ዛሬ የፈጠራ ችሎታን፣ የቅርፅና የቦታ ግንዛቤን እንዲሁም የቡድን ሥራን ለማጥናት በቤተ ሙከራና በመማሪያ ክፍል የሚያገለግሉ መሣሪያዎች ሆነዋል። ተመራማሪ መሣሪያውን ከገበያ ሲመርጥ በገበያው ሚዛን ብቻ ከመረጠ፣ በኋላ የሚያገኘው ውጤት የተጠኚዎቹ ይሁን የሣጥኑ ለመለየት ይቸገራል።

ለዚህ ክርክር "ጋላክሲ ኤክስፕሎረር" ከተባለችው የሌጎ መንኮራኩር የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል፤ ምክንያቱም አንዷ መጫወቻ በ43 ዓመታት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተሠርታለች። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያዋ በ1979 የወጣች ሲሆን 338 ቁርጥራጮች ነበሯት። የጠፈሩን ተከታታይ የነደፈው የንስ ኒጎር ክኑድሰን ነው፤ ከ1978 ጀምሮ እጅና እግራቸውን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ የሰው ምስሎችም የእርሱ ሥራ ናቸው። ሁለተኛዋ በ1932 በዴንማርኳ ቢሉንድ የተመሠረተው ኩባንያ 90ኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2022 ወጣች። ንድፏ የማይክ ሳያኪ ነው፤ 1,254 ቁርጥራጮች አሏት፤ የመነሻ ዋጋዋ 99.99 ዶላር ነበር። ሁለቱም ግራጫ ክንፍ፣ ሰማያዊ አካልና ቢጫ መስታወት አላቸው። ሁለቱም አራት ጠፈርተኞችን፣ ሁለት ቀይና ሁለት ነጭ፣ ያሳፍራሉ፤ ከኋላቸው ሲከፈቱም ትንሽ ተሽከርካሪ ይወጣል።

በተለመደው ሚዛን አዲሷ መንኮራኩር ያለ ጥርጥር ታሸንፋለች። የቁርጥራጮቿ ብዛት የቀድሞዋን 3.7 እጥፍ ነው፤ የአንዱም ዋጋ 8 ሳንቲም ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ነዳፊው አዲሷን የሠራት የቀድሞዋን በእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ ተኩል ጊዜ በማሳደግ ነው። ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት እያንዳንዳቸው በ1.5 ሲባዙ ይዘት በ3.375 ይባዛል፤ 338 በዚህ ሲባዛ 1,140 ይደርሳል። እንግዲህ ከአዲሱ ብዛት ውስጥ እጅግ የሚበዛው በጂኦሜትሪ ብቻ የሚጠበቅ ነው። ስሌቱ ግምታዊ መሆኑ አይካድም፤ በቀድሞው 338 ውስጥ የወለል ሰሌዳዎችና የአንዲት ትንሽ ቤት ጡቦችም ተቆጥረዋልና። ቢሆንም የሚያሳየው ነገር ግልጽ ነው፦ ብዛት በመጀመሪያ ደረጃ የሚናገረው ስለ መጠን ነው። ስለ ሐሳብ ብልጽግና የሚናገረው ካለ እጅግ ጥቂት ነው።

ከዚህች ጎን በ2017 በ7,541 ቁርጥራጮችና በ799.99 ዶላር የወጣችው "ሚሌኒየም ፋልከን" ትቁም። የኩባንያውና የ"ስታር ዋርስ" ፊልሞች ውል በ1999 ከጀመረ ወዲህ ከተሠሩት ሁሉ እጅግ ከሚወደሱት አንዷ ናት፤ ውዳሴውም የሚገባት ነው። የውዳሴው መስፈርት ግን አንድ ነው፤ ፊልሙ ላይ የታየችውን መርከብ ምን ያህል ትመስላለች? ሲመስል ሥራው አለቀ። ከዚያ ወዲያ የሚነሳ እያንዳንዱ ጡብ ማበላሸት ይሆናል። "ጋላክሲ ኤክስፕሎረር" ግን የምትመስለው ፊልም ኖሯት አያውቅም። ስሟን የሰጣት ሣጥኑ ነው፤ ታሪኳን የሚሰጣት የያዛት ልጅ ነበር። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጦ በሳንቲም ማወዳደር ሥዕልንና ባዶ ሸራን በስኩዌር ሜትር እንደማወዳደር ነው።

የጡቡ ሥርዓት ጥንካሬ ከየት እንደሚመጣ አንድ የታወቀ ቁጥር ያመለክታል። ስምንት ጉብታ ያላቸው፣ ቀለማቸው አንድ የሆነ ስድስት ጡቦች በ915,103,765 ልዩ ልዩ መንገዶች ይገጣጠማሉ፤ ይህን ያሰላው በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቅ የሆነው ሶረን ኤይለርስ ነው። ቀደም ሲል ኩባንያው ይጠቅሰው የነበረው ቁጥር ከዘጠኝ አንድ ያህሉ ብቻ ነበር፤ የሚቆጥረው ስድስቱ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው የሚቆሙበትን አቀማመጥ ብቻ ነበርና። ለመገምገም ሥራ ከቁጥሩ ግዙፍነት ይልቅ ምንጩ ይጠቅማል። ብዛቱን የፈጠረው ጡቡ ስለ ራሱ ምንም አለመናገሩ ነው፤ ክንፍም፣ ግድግዳም፣ የውሻ ጀርባም ሊሆን ይችላል። አንድ ቁርጥራጭ ለአንድ ቦታ ብቻ እየተቀረጸ በመጣ ቁጥር የመጋጠም ነፃነቱ ይቀንሳል፤ በቆጠራው ላይ ግን እርሱም እንደ ሌላው አንድ ነው። ስለዚህ "ስንት ቁርጥራጭ አለው?" ከሚለው በፊት "ከቁርጥራጮቹ ስንቱ ሌላ ነገር መሆን ይችላል?" የሚለው ሊጠየቅ ይገባል።

ጥያቄው የምኞት ብቻ አለመሆኑን በ2016 በጆርናል ኦፍ ማርኬቲንግ ሪሰርች የታተመው የፔጅ ሞሮና የማሪት ጉንደርሰን ኤንጌሴት ጥናት ያሳያል። በጥናታቸው ከፊሎቹ ተሳታፊዎች ጡቦችን በመመሪያ መሠረት ገጠሙ፤ ሌሎቹ የፈለጉትን ሠሩ። መመሪያ የተከተሉት ቀጥሎ በቀረበላቸው ፈጠራ የሚጠይቅ ተግባር ደካማ ውጤት አሳዩ። አንድ ጥናት ሁሉን አይዘጋም፤ ተሳታፊዎቹም መጫወቻው የታሰበላቸው ሕፃናት አልነበሩም። ሆኖም "ጡብ ፈጠራን ያዳብራል" የሚለውን እንደ ጸሎት የሚደጋገም ዐረፍተ ነገር ለሁለት ይከፍለዋል፤ ጡብ ራሱ ምንም አያዳብርም፣ የሚያዳብረው ወይም የሚያደነዝዘው ከጡቡ ጋር የሚሰጠው ተግባር ነው። በመመሪያ የተገጠመ ስብስብን ተጠቅሞ ስለ ፈጠራ የሚደመድም የመመረቂያ ጽሑፍ ምናልባት የለካው ትዕግሥትንና ሥዕላዊ መመሪያ የማንበብ ችሎታን ይሆናል። እነዚህም ዋጋ አላቸው፤ ስማቸው ግን ሌላ ነው።

በዚህ ረገድ የቀድሞው ሣጥን ከአዲሱ ይልቅ ደፋር ነበር። በዚያ ዘመን ሣጥኖች ላይ ከዋናው ሞዴል ሌላ በእነዚያው ጡቦች የተሠሩ ሌሎች ነገሮች ፎቶግራፍ ይታተም ነበር፤ የአሠራር መመሪያ ግን አልነበራቸውም። ልጁ ሥዕሉን አይቶ እንዴት እንደ ተሠራ ራሱ ይደርስበታል፤ ካልደረሰበትም ሌላ ነገር ይሠራል። አዲሷ ከዚህ ልማድ ጋር ያላት ዝምድና ድርብ ነው። በአንድ በኩል ከእርሷ ጡቦች የዚያን ዘመን ሁለት ታናናሽ መንኮራኩሮች ለመሥራት የሚያስችል ንድፍ ቀርቧል፤ ይህ በዘመኑ ትልልቅ ስብስቦች ዘንድ ብርቅ ነውና ሊመሰገን ይገባል። በሌላ በኩል እነዚያም ከነሙሉ መመሪያቸው ነው የመጡት። ግምቱ ለአንባቢው አልተተወም።

ሌላው የማይቆጠር ነገር ስብስቡ የሚያቀርበው ዓለም ነው። የሳይንስ ልብ ወለድ ስለ ወደፊቱ የሚቀርብ መላ ምት ነው፤ የመጫወቻ ሣጥንም ቃል ሳይናገር መላ ምት ያቀርባል። የ1979ኙ ጠፈር ጠላት አልነበረውም። ጠፈርተኞቹ መሣሪያ አልታጠቁም፤ በደረታቸው ላይ ያለው ምልክት ሮኬት የምትዞረውን ጨረቃ ያሳያል፤ ፊታቸው ሁሉ አንድ ነው፣ ሁለት ነጥብና ፈገግታ። ጥቁር የለበሰው "ብላክትሮን" የተባለው ተቀናቃኝ ወገን የመጣው በ1987 ነው፤ ፖሊስም ተከተለው። የመንገድ ሽፍታ ሳይኖር ዘበኛ መቅጠር አይቻልምና ቅደም ተከተሉ አያስገርምም። በኒውዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነው ክሪስቶፍ ባርትኔክና ባልደረቦቹ በ2016 በፕሎስ ዋን ባሳተሙት ጥናት በኩባንያው ምርቶች ላይ የሚታየው ዓመፅ ከጊዜ ወደ ጊዜ መጨመሩን አሳይተዋል፤ ቀደም ብሎም ባርትኔክ የምስሎቹ ፊት ከፈገግታ ወደ ቁጣ እያዘነበለ መምጣቱን መርምሯል። የ2022ቷ መንኮራኩር ከዚህ ማዕበል ወጥታ ወደ ፈገግተኞቹ ተመልሳለች። ይህ ምርጫ ነው፤ በሳንቲም ሠንጠረዥ ውስጥ ግን ዓምድ የለውም።

የአማርኛ አንባቢ ለዚህ ነጥብ ከሌሎች ይልቅ ቅርብ ነው። የኩባንያው ስም የመጣው "በደንብ ተጫወት" ከሚል የዴንማርክ ሐረግ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ "ተጫወት" የሚለው ቃል የልጅን ሩጫም የአዋቂን ወግም ይይዛል። እንግዳ ሲመጣ "ተጫወት እንጂ" ይባላል፤ ተናገር፣ አውጋ ማለት ነው። ወግ የሚባለው ሁለቱም ወገን ሲናገሩ ነው፤ አንዱ ብቻ ሲናገር ስብከት ይሆናል። በዚህ መለኪያ ሁሉን ነገር አስቀድሞ የተናገረ ስብስብ፣ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ለተጫዋቹ ተራ አልሰጠም።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያከራክረው በአዲሱ ሣጥን ላይ የታተመው ቁጥር ነው፤ 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ይላል። በ1979 ለልጆች የተሸጠች መንኮራኩር በ2022 ለእነዚያው ልጆች ተሸጠች፤ ልጆቹ ግን ሃምሳን ተጠግተዋል። ለናፍቆት የተሠራች ስለ መሆኗ ምስክሩ ብዙ ነው። የቀድሞዎቹ ጠፈርተኞች የራስ ቁር ከአገጭ በታች ባለው ቀጭን ክፍል እየተሰነጠቀ ባለቤቶቹን ያስመርር ነበር፤ በ2014 በወጣው የሌጎ ፊልም ውስጥ ያለው ሰማያዊ ጠፈርተኛ ቤኒ ቁሩ የተሰበረው ለዚሁ ትዝታ ነው። አሁን ያ ክፍል ወፍሯል፤ የአርባ ዓመት ቅሬታ በጥቂት ፕላስቲክ ተመለሰ። ማረፊያ እግሮቿም ይታጠፋሉ፤ የቀድሞዋ ይህ አልነበራትም። በዕደ ጥበብ ረገድ የሚነቀፍ ነገር ማግኘት ያዳግታል። ይሁን እንጂ በአሠራሯ ውስጥ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ የማይችለው ነገር የለም። ዕድሜው የታተመው በችግሩ ክብደት ሳይሆን በገዢው ማንነት ነው፤ ይህን ቁጥር እንደ የችሎታ ደረጃ ወስዶ ተጠኚዎችን የሚመድብ ተመራማሪ ካለ ስሕተቱ ከባድ ነው።

አዋቂ ሰው ከሥራ በኋላ መመሪያ እየተከተለ መገጣጠሙ ዕረፍት ይሰጠዋል፤ ዕረፍት ደግሞ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም የሚል መልስ ሊቀርብ ይችላል። መልሱ ትክክል ነው፤ ሹራብ የምትሠራን ሴት ንድፉን ራስሽ ካላወጣሽ ብሎ የሚነቅፍ የለም። ክርክሩ የሚነሣው ዕረፍቱ ፈጠራ ተብሎ ሲሸጥና ያው ስያሜ ሳይመረመር ወደ ጥናት ሲገባ ነው።

እንግዲህ አዲሷ መንኮራኩር እንደ ዕቃ እጅግ ጥሩ ናት፤ እንደ መጫወቻ ከብዙ እኩዮቿ ትሻላለች፤ እንደ ጥናት መሣሪያም መመሪያው ወደ ጎን ተደርጎ ጡቦቹ ፈርሰው ቢሰጡ ትጠቅማለች። የግምገማው ሰዓት መቆጠር ያለበትም ከዚያ ከፈረሰችበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ የተለመዱት ግምገማዎች ግን የመጨረሻው ጡብ ሲገባ ፎቶግራፍ አንሥተው ይዘጋሉ። አንድ ጉድለቷ ግን በጡብ ብዛት አይካካስም። የ1979ኙ ሣጥን ከመንኮራኩሯ ጋር የጨረቃ ጉድጓዶች ያሉበት ወለል፣ ማረፊያ ሰሌዳና ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቤት ነበረው። በ2022ቱ ውስጥ ሦስቱም የሉም። ጠፈርተኞቹ አራት ናቸው፣ ተሽከርካሪውም አለ፣ የኋላ በሩም ይከፈታል፤ የሚወርዱበትን ጨረቃ ግን ገዢው ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት።