በሬ ሸጦ ጠመንጃ

«ኃያላኑ ራሳቸው ታጥቀው ሌላውን የሚከለክሉት ለምንድን ነው? እያንዳንዱ አገር አቶሚክ ቦምብ ቢኖረው ማን ማንን ይደፍራል?» ይህን ክርክር በፍኖተ ሰላምም በቡሬም፣ ፊደል ከቆጠሩ ሰዎች አንደበት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ላዩን ሲያዩት ፍትሕ ያለው ይመስላል። እኔ ግን ከሥሩ የተሳሳተ ነው እላለሁ። ለዚህም የመጀመሪያ ምስክሬ የምዕራብ ጎጃም ገጠር ነው።

አንድ ገበሬ በወሰን ሰበብ ከጎረቤቱ ይጋጫል፤ በሬውን ሸጦ ጠመንጃ ይገዛል። ለአንድ ክረምት ይፈራል። በሚቀጥለው ዓመት ጎረቤቱም በሬውን ይሸጣል፤ ከዚያም የጎረቤቱ ጎረቤት። በመጨረሻ ሁሉም ታጥቋል፤ ከበፊቱ ይልቅ እንቅልፍ የሚወስደው ግን አንድም የለም፤ ማሳውም የሚያርሰው በሬ አጥቷል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቀድሞ በዱላ ያበቃ የነበረው ጠብ አሁን በሬሳ ያበቃል፤ ደሙን ለማድረቅም ሽማግሌ ስንት ዓመት ይደክማል።

መንግሥታት የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚተባበሩት ይህንኑ ስለሚያውቁ ነው። ነገሩ ሒሳብ እንጂ ቅድስና አይደለም። ሁለተኛው ቦምብ የመጀመሪያውን ብልጫ ይሽራል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ያሰጋል፤ ባለቤቱ በበዛ ቁጥር ስሕተትና ቁጣ የሚገቡበት በር ይበዛል። አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት በሌላው ሁሉ እየተጣሉ በዚህ ጉዳይ የተስማሙት ስለተዋደዱ አልነበረም። መተማመን ስለሌለም ነው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከቪየና መርማሪ እየላከ የሚያስቆጥረው። አባቶቻችን አውጫጭኝ ሲቀመጡ አገሬው ሁሉ ሌባ ነው ማለታቸው አልነበረም፤ ሁሉም ሲጠየቅ ንጹሑ ከጥርጣሬ ይድናል ብለው ነው እንጂ።

«ይህ የኃያላን ሸንጎ ነው፤ እኛ ምን አገባን?» የሚል የገዛ አገሩን ታሪክ ዘንግቷል። ፈረንሳይ በ1952 ዓ.ም. የመጀመሪያ ቦምቧን የሞከረችው በአፍሪካ ምድር፣ በሰሐራ በረሃ ነበር። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የኑክሌር መሣሪያን መጠቀም በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተአቅቦ አወጀ። ውሳኔውን ያነሣሣችው ኢትዮጵያ ናት፤ አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ተቃውመውታል። በዚያው ዓመት ጄኔቭ ላይ ሥራ በጀመረው የ18 አገሮች የትጥቅ ማስፈታት ኮሚቴም ኢትዮጵያ ወንበር ነበራት። በ1960 ዓ.ም. ለፊርማ የቀረበው የመሣሪያውን መስፋፋት የሚከለክለው ውል በዋናነት የተመከረው በዚያ ኮሚቴ ነው።

ኢትዮጵያ ለምን ቀደመች? ኢጣሊያ መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1917 ዓ.ም. የጄኔቭ ፕሮቶኮል ፈርማ ሳለ ጋዙን በሕዝባችን ላይ አዝንማለች። ንጉሠ ነገሥቱም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ይህንኑ ለመንግሥታቱ ማኅበር ተናገሩ፤ የሰማ እንጂ የደረሰ አልነበረም። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይወሰዳል። አንደኛው «ውል ወረቀት ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው «ውሉ የወደቀው ጠባቂ ስላጣ ነው፤ ጠባቂ እናብጅለት» ይላል። ኢትዮጵያ ሁለተኛውን መረጠች፤ በጋዝ የተቃጠለ አገር ምርጫ ነውና አይናቅም።

ደቡብ አፍሪካ ስድስት ቦምብ ሠርታ ራሷ አፍርሳዋለች፤ ይህንንም በ1985 ዓ.ም. ለዓለም አሳውቃለች። አፍሪካን ከኑክሌር መሣሪያ ነፃ ያደረገውና በ2001 ዓ.ም. የጸናው ውልም «ፔሊንዳባ» የተባለው በዚያችው አገር የኑክሌር ምርምር ማዕከል ስም ነው።

«ሰው በድሮን በሚያልቅበት አገር ስለ አቶም ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለኝም አለ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። ከሰማይ የሚወርድ እሳት ታጣቂውንና ገበያተኛውን እንደማይለይ ለዚህች ከተማ ማስረዳት አያሻም። አንድን ከተማ በቅጽበት የሚያጠፋ መሣሪያ ለብዙ እጅ ይድረስ የሚል ተከራካሪ ከዚህች ከተማ መውጣቱ ነው የሚደንቀኝ።

አንድ ነገር አልክድም። የውሉ 6ኛ አንቀጽ ባለ ቦምቦቹ ትጥቅ ለመፍታት በቅን ልቦና እንዲደራደሩ ያስገድዳል፤ ቦምቦቹ ግን ዛሬም በሺህ ይቆጠራሉ። ሕንድ፣ ፓኪስታንና እስራኤል ውሉን አልፈረሙም፤ ሰሜን ኮሪያ በ1995 ዓ.ም. መውጣቷን አውጃለች። ቁጣው ተገቢ ነው። ነገር ግን ባለዕዳ ዕዳውን አልከፈለም ተብሎ የብድር ውል ቢቀደድ የሚጠቀመው ማን ነው? ባለዕዳው ነው። ለደካማ አገር ያለው ሰነድ ይኸው ብቻ ነውና አጥብቆ ይዞ ዕዳውን መጠየቅ ይገባዋል። በሬውን ሸጦ ከባለጠጋ ጋር ጠመንጃ የሚፎካከር ድኻ ግን፣ ጠመንጃውን ታቅፎ ጦሙን ያድራል።