ጌም ቤቱን ከማሸጋችሁ በፊት መስመሩን አስገቡልን

ኮዬ ፈጬ ላይ ልጅ የሚያሳድግ ሰው አንድ የማያባራ ጥያቄ አለበት። ልጁ ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ፣ እሱ ከሥራ እስኪመለስ ድረስ የት ይውላል? የሳይቱ ነዋሪ አብዛኛው እንጀራው ያለው መሀል ከተማ ነው። ጠዋት ሳይነጋ ወጥቶ ሰልፍ ይይዛል፤ ማታም በሰልፍ ይመለሳል። በመሀል ያሉት ሰዓታት የልጁ ናቸው።

ለብዙ ልጆች የእነዚህ ሰዓታት መልስ ጌም ቤት ነው። ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ ያረጁ ፕሌይስቴሽኖች፣ ቁልፉ ያለቀ ጆይስቲክ፣ አግዳሚ ወንበር። ሒሳቡ በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ቤቱ በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን የ12 ዓመቱ ልጅ ከ25 ዓመቱ ጎረምሳ ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ማን ምን እንደሚያጨስ፣ ማን በስንት ብር እንደሚወራረድ የሚጠይቅ የለም። «ይበቃሃል፣ ቤትህ ሂድ» የሚለው የኪሱ ሳንቲም ብቻ ነው።

መንግሥትም ይህን ያውቃል። በየጊዜው ደንብ አስከባሪና ፖሊስ በትምህርት ቤቶች ዙሪያ ጫት ቤት፣ ሺሻ ቤትና ጌም ቤት ላይ ዘመቻ ይወጣሉ። በሩ ይታሸጋል፤ ልጁ ግን አይታሸግም። ሌላ ብሎክ ሥር ሌላ ቤት ይፈልጋል።

የዛሬው ሐሳቤ አጭር ነው። ልጆች ቤታቸው እንዲጫወቱ ከፈለግን ቤት ውስጥ ያለው ኮንሶል በአቅም ልክ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አለበት። ይህ ደግሞ ብዙዎች እንደሚያስቡት ውድ መሆን የለበትም። ውድ ያደረገው ጨዋታው ሳይሆን መስመሩ የሚመጣበት መንገድ ነው።

«ውኃ በፈረቃ እየመጣ ስለ ጌም ታወራለህ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። የጌም ማሽን ቅንጦት ነው የሚለውን ክርክር አከብራለሁ። ነገር ግን ማሽኑ ብዙ ቤት ገብቷል። ከዓረብ አገር ወይም ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት ይመጣል፤ አለዚያም ያገለገለ ፒኤስ 4 በቴሌግራም ገበያ ተፈልጎ ይገዛል። ቀሪው ጥያቄ ቤተሰቡ ለዚህ ማሽን በየወሩ ስንት ይከፍላል የሚለው ነው።

እንግዲህ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ።

አንድ ሰዓት በኦንላይን እግር ኳስ መጫወት የሚበላው ዳታ ብዙ ጊዜ በአሥር ቤት የሚቆጠር ሜጋባይት ነው። በልግስና 100 ሜጋባይት እንበለው። ልጁ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ወሩን ሙሉ ቢጫወት 6 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ጥራት ያለው ቪዲዮ ስናይ በጥቂት ሰዓት የምንጨርሰው ነው።

አሁን ደግሞ ዳውንሎዱን እንይ። አንድ ትልቅ ጌም 50 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ማለትም አንዱን ጌም ማውረድ ብቻ ከስምንት ወር ጨዋታ ጋር እኩል ዳታ ይበላል። በዚያ ላይ አፕዴቱ አለ፤ እሱም በጊጋባይት ይመጣል።

አንዲት ጎረቤቴ የነገረችኝ ይህንኑ ነው። «ወንድሜ፣ ለልጁ ብዬ 10 ጊጋ ገዝቼ በአንድ ሌሊት አለቀ። ልጁ እኮ ተኝቷል!» ልጁ እውነትም ተኝቶ ነበር። ማሽኑ ግን አልተኛም፤ ሙሉ በሙሉ ስላልጠፋ ሌሊቱን አፕዴት ሲያወርድ አደረ። ልጁ ላላጠፋው ጥፋት ተቆጥቷል።

ስለዚህ መስመር ከመግዛት በፊት የሚደረጉ፣ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ማሽኑ በራሱ አፕዴት እንዳያወርድ ከሴቲንግ ውስጥ አጥፉት። በስልክ ሆትስፖት ለሚጠቀም ቤት ይህ ብቻውን የወር ወጪውን ይቀይረዋል። ትልልቁን ዳውንሎድ በሌሊት ጥቅል ወይም ገደብ የሌለው መስመር ያለው ዘመድ ቤት ወስዶ መጨረስ ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ማሽኑ ሀክ የተደረገ መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። እኛ አገር ከሚሸጡት ያገለገሉ ፒኤስ 4ዎች ውስጥ ጌም በሃርድ ዲስክ የሚጫንባቸው ሞልተዋል። እነዚህ ለብቻ ለመጫወት ይሆናሉ፤ ኦንላይን ሲገቡ ግን የመታገድ ዕጣ ያገኛቸዋል። ወላጅ በብድር ራውተር አስገብቶ፣ ማሽኑ ኦንላይን የማይጫወት ሆኖ ሲያገኘው ያሳዝናል።

ሦስተኛ፣ በነፃ የሚወርዱትን ጌሞች አስቀድሙ። ኢፉትቦልና ፎርትናይት በፕሌይስቴሽን ላይ ያለ ወርኃዊ ክፍያ ኦንላይን ይሠራሉ። ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲን የመሰሉት ግን ጌሙ ከተገዛም በኋላ ኦንላይን ለመጫወት ፕሌይስቴሽን ፕላስ የሚባል ምዝገባ ይጠይቃሉ። ይህ ምዝገባ በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 1 ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደርሷል። የ10 ዶላር ካርድ በባንክ ዋጋ እንኳ ከ570 ብር ወደ ከ1,000 ብር በላይ ዘለለ ማለት ነው። የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመር።

በዚህ ላይ ኢትዮጵያ በፕሌይስቴሽን ኔትወርክ የአገራት ዝርዝር ውስጥ የለችም። ልጆቻችን አካውንት የሚከፍቱት የአሜሪካ ወይም የዱባይ ነዋሪ መስለው ነው። በሚያዝያ 2016 ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2 የተባለውን ጌም በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያያይዙ ሲያዝ፣ አገልግሎቱ በሌለባቸው ከ170 በላይ አገራትና ግዛቶች ጌሙ ከሽያጭ ወረደ። ተጫዋቾች ዓለም አቀፍ ጩኸት አሰምተው ኩባንያው ትእዛዙን በቀናት ውስጥ ሻረው። እኛ ግን ያኔም አሁንም ከዝርዝሩ ውጭ ነን። ይህን በር የምናስከፍተው በአገር ደረጃ የክፍያ ሥርዓታችን ከዓለም ጋር ሲገናኝ ነው፤ አንድ ወላጅ ብቻውን የሚፈታው አይደለም።

ወላጅና ሰፈር ሊፈቱት የሚችሉት መስመሩን ነው።

ዛሬ በኮዬ ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው የስልክ ሆትስፖት ነው። ለመነሻ ይበቃል፤ ግን ስልኩ ከወላጁ ጋር ሥራ ይሄዳል። ደግሞም በሞባይል ኔትወርክ ላይ ብዙ ደንበኞች አንድ የኢንተርኔት አድራሻ ይጋራሉ፤ ስለዚህ ማሽኑ «ናት ታይፕ 3» ብሎ ከሌላ ተጫዋች ጋር አልገናኝም ሊል ይችላል። ልጁ «ኔትወርኩ ተበላሸ» ይላል፤ ካርድ ቢሞላም አይስተካከልም።

ሁለተኛው ሲም የሚገባበት የቤት ራውተር ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ምርጫው ሰፍቷል። ጥሩ ሲግናል ለሚደርሰው ብሎክ ይህ መንገድ ያዋጣል። ማታ ሁሉም ሰው ገብቶ ስልኩን ሲከፍት ግን ፍጥነቱ ይወርዳል። ጌም ደግሞ ከፍጥነት ይልቅ መዘግየትን አይወድም፤ ኳሷ ተመታ ከሁለት ሰከንድ በኋላ ብትንቀሳቀስ ጨዋታው አለቀ።

ሦስተኛው ወደ ቤት የሚገባ የፋይበር መስመር ነው። የወር ክፍያው የታወቀ ነው፤ ጊጋ አይቆጠርም፤ አፕዴት ቢወርድ ባይወርድ ሒሳቡ ያው ነው። 5 ሜጋቢት በሰከንድ የሚባለው መጠነኛ ፍጥነት እንኳ 50 ጊጋባይቱን ጌም በ22 ሰዓት ገደማ ያወርዳል። ቅዳሜ ማታ ተጀምሮ እሁድ ማታ ያልቃል፤ ተጨማሪ ብር አይጠይቅም። ራውተሩንና ማሽኑን በጥቂት ሜትር የኔትወርክ ኬብል ማገናኘት ደግሞ ከዋይፋዩ ይልቅ መዘግየቱን ይቀንሳል፤ የኮንዶሚኒየሙ ግድግዳ የዋይፋይ ወዳጅ አይደለም።

በሒሳብ የሚያዋጣው ሦስተኛው ሆኖ ሳለ፣ በኮዬ ብዙ ብሎክ ላይ የሚገኘው ግን የመጀመሪያው ነው። የችግሩ ልብ እዚህ ጋ ነው። ድሃው የሚገዛው ውዱን ነው፤ በቀን በቀን፣ በትንሽ በትንሹ እየከፈለ።

የዋጋ ነገር ሲነሣ ሁሌም ታሪፍ ላይ እንጮኻለን። ታሪፍ ይወጣል፣ ይወርዳል። በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ዳታን በ43 በመቶ፣ ብሮድባንድን በ54 በመቶ ሲቀንስ አጨብጭበናል። በመስከረም 2017 ማስተካከያ ተብሎ ሲጨምር ደግሞ አማርረናል። ነገር ግን መስመሩ ብሎኩ ሥር ላልደረሰ ሰው የብሮድባንድ ቅናሽ ምኑ ነው? ቅናሹን በዜና ሰምቶ የሞባይል ጥቅሉን መግዛቱን ይቀጥላል።

ኮዬ ደግሞ መንደር አይደለም። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም ዕጣ ከወጣባቸው ከ51 ሺህ በላይ የ20/80 እና የ40/60 ቤቶች ውስጥ ኮዬ ፈጬ ትልቁን ስም የያዘ ሳይት ነበር። የዚያን ሰሞን ስሙ በፖለቲካ ውዝግብ በመላ አገሪቱ ተሰማ፤ ስለ ቤቶቹ ባለቤትነት ሁሉም ተናገረ። ሰው ከገባ በኋላ ስለሚኖረው ኑሮ ግን የተናገረው ጥቂት ነው። ውኃው፣ መብራቱ፣ መንገዱ እየተንጠባጠበ መጣ። የኢንተርኔቱ ነገር ከእነዚህም ኋላ ቀረ።

አስገራሚው ነገር ኮንዶሚኒየም ለፋይበር የተፈጠረ ሰፈር መሆኑ ነው። ቴክኖሎጂው በባሕርይው የጋራ ነው፤ አንድ የፋይበር ክር በመከፋፈያ ሣጥን አማካይነት ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይበቃል። ተበታትኖ የተሠራ ሰፈር ለእያንዳንዱ ግቢ ምሰሶ ይፈልጋል። እኛ ጋ ግን በአንድ ደረጃ ዙሪያ በአሥሮች የሚቆጠር ቤተሰብ ተደራርቦ ይኖራል። ኩባንያ ነኝ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ደንበኛ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ሦስት ጥያቄ አለኝ።

ለነዋሪው፦ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤቶች ማኅበር በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የተሰጠን መብት ነው። ለጥበቃ፣ ለውኃ ፓምፕ፣ ለደረጃ መብራት እናዋጣለን። የመስመር ጥያቄንም በየቤታችን ከማቅረብ ይልቅ በብሎክ እናቅርብ። «ከዚህ ብሎክ 20 አባወራ ዛሬውኑ ይመዘገባል» ብሎ ተፈራርሞ የሚሄድ ኮሚቴና «ለኔ ቤት አስገቡልኝ» የሚል አንድ ሰው እኩል አይሰሙም። ከዚህ ውጭ አንድ መስመር አስገብቶ ለጎረቤት በብር ማከፋፈል የሚያምር ይመስላል፤ ግን ውሉን ሳያነቡና ፈቃድ ሳይኖር አይነካም። የቴሌኮም ሕጋችን ያለ ፈቃድ አገልግሎት በሚሸጥ ሰው ላይ ጠንካራ ነው።

ለኩባንያዎቹ፦ የብሎክ ጥቅል ይኑር። በጋራ ለተመዘገበ ሕንፃ የማስገቢያ ክፍያው ይቀነስ፤ ክፍያውም በወር ይከፋፈል። ለቤት ባንክ ዕዳ እየከፈለ ያለ ሰው የሚፈራው የወሩን ክፍያ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ በአንዴ የሚጠየቀውን ነው።

ለመንግሥት፦ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው ገበያውን ለመቆጣጠር ነው። አዲስ የሚሠሩ የጋራ መኖሪያዎች የመብራትና የውኃ መስመር እንደሚዘረጋላቸው ሁሉ የፋይበር ቱቦም እንዲኖራቸው ይታሰብበት። ግድግዳ ሳይለሰን ቱቦ መቅበር ርካሽ ነው፤ ከተለሰነ በኋላ መቦርቦር ነው ውዱ። ደግሞም በሰኔ 2012 እንደሆነው ኢንተርኔት ለሳምንታት የሚዘጋ ከሆነ፣ የወር ክፍያ ከፍሎ መስመር ማስገባትን ሕዝብ እንዴት ይመን?

መንግሥት በ2012 «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚል ስትራቴጂ አጸደቀ። በሐምሌ 2016 ደግሞ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ፕሮግራም አስጀመረ። መልካም ነው። ታዲያ ኮዲንግ የሚማረው ልጅና ኢፉትቦል የሚጫወተው ልጅ የሚጠቀሙት አንድ መስመር ነው። ማታ እናቱ ከቤይሩት እህቷ ጋር በቪዲዮ የምታወራውም በዚያው ነው። ጌሙን ምክንያት አድርጎ ቤት የገባ ፋይበር ለጌም ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የጌም ሱስን ስጋት አቃልዬ አላየውም። የዓለም ጤና ድርጅት ከቁጥጥር የወጣ የጌም ልማድን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አካትቶታል። ግን ቁጥጥሩ የሚቻለው የት ነው? የቤት ኮንሶል ላይ ወላጅ የሰዓት ገደብ መጫን፣ ከማያውቁት ሰው ጋር የሚደረግ የድምፅ ወሬን መዝጋት፣ ግዢን በይለፍ ቃል ማሰር ይችላል። ጌም ቤቱ ይህ ሁሉ የለውም።

ስለዚህ ጌም ቤት ለማሸግ ሰም ይዛችሁ የምትመጡ ሰዎች፣ ኮዬ ስትደርሱ አንድ ጊዜ ቀና ብላችሁ ፎቁን ቁጠሩ። ልጁን ከዚያ ወንበር አስነሥታችሁ «ቤትህ ሂድ» ከማለታችሁ በፊት፣ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚጠብቀው ጠይቁ።

በብሎካችሁ ፋይበር የገባላችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንዳስገባችሁና ስንት እንደከፈላችሁ ከታች ጻፉልን። ለሌላው ብሎክ መንገድ ይሆናል።

ቸር ያሰማን።