አዛውንት በሽተኛም በሚዛን ይታይ

የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በኮንና በዙሪያዋ ባሉት ደጋማ ቀበሌዎች ስለ ምግብ እጥረት ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰቡት ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እናቶች ናቸው። ይህም ተገቢ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሕፃኑንና የእናቲቱን ክንድ ትለካለች፤ የከሳውን ለይታ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። በዚያው ቤት ምድጃ ዳር የተቀመጡትን አዛውንት ግን የሚመዝናቸው የለም። አዛውንቱ የነቀርሳ (ካንሰር) በሽተኛ ሲሆኑ ይህ ክፍተት ሕይወት እስከማሳጣት ይደርሳል።

ሽማግሌ ሲከሳ ቤተሰቡም ጎረቤቱም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ካንሰር የያዘው ሰው ግን የሚከሳው በዕድሜ ብቻ አይደለም። በሽታው ራሱ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ሰውነት የገዛ ጡንቻውን እንዲያፈርስም ያደርጋል። ዕጢው ጉሮሮ ወይም ጨጓራ ላይ ከሆነ መዋጥ ያስቸግራል። ሕክምናው በበኩሉ ያቅለሸልሻል፣ አፍ ያቆስላል፣ የምግብን ጣዕም ያጠፋል። ክሳት የጠናበት ሰው ደግሞ ቀዶ ሕክምናውንም ሆነ መድኃኒቱን መቋቋም ያቅተዋል፤ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን ለመቀነስ ወይም ለማቋረጥ ይገደዳል።

የላስታና የዋድላ አዛውንት ማዕድ የሚሸሹበት ሌላም ምክንያት አለ። በ1966 ዓ.ም. 20 ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ዕድሜው ከ70 በላይ ነው። የዚያን ዘመን ረኃብና የ1977 ዓ.ም.ን ድርቅ ያየ ትውልድ ጉርሻውን ለልጅ መተው የለመደ ነው። በታመመ ጊዜም «ለልጆቹ ይሁን» ብሎ ሳህኑን ይገፋል። ቤተሰቡ ይህን እንደ ደግነት ሳይሆን እንደ ሕመም ምልክት ሊያየው ይገባል።

ጾምም ሌላው ጉዳይ ነው። በጾም ወራት ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከማዕድ ይነሣሉ። ይሁን እንጂ ፍትሐ ነገሥት በሽተኛን ከጾም ግዴታ ነጻ ያደርጋል፤ እስልምናም ለታመመ ሰው እንዲሁ ይፈቅዳል። አዛውንቱ ግን ይህን ከንስሐ አባታቸው አፍ ካልሰሙ ሐኪም ቢነግራቸውም ወተቱን አይቀምሱም። ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ካህናቱንና ሼኮቹን በዚህ ጉዳይ ማነጋገራቸው ከብዙ ምክር የበለጠ ይሠራል።

ርቀቱም ችግሩን ያከብደዋል። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ዛሬ ሌሎች ማዕከሎች ቢጨመሩም የኮን በሽተኛ መንገዱ ረጅም ነው። ለመጓጓዣና ለማደሪያ በግ ይሸጣል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚቀነሰው ምግቡ ነው። በአማራ ክልል በ2003 ዓ.ም. በተሁለደሬ፣ በፎገራና በደቡብ አቸፈር በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድን የሕክምናውን ወጪ ያቃልላል እንጂ የመንገዱን ስንቅ አይሸፍንም።

በዚህ ረገድ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሊሠሩት የሚችሉት ጥቂት አይደለም። አንደኛ፣ በየጎጡ ላሉት አዛውንት በሽተኞች ሁለት ጥያቄዎች ይቅረቡ፤ ሳያስቡት ከስተዋልን? ከቀድሞው ያነሰ ይበላሉን? መልሱ አዎ ከሆነ በጤና ጣቢያው ሚዛን ይታዩ። በስድስት ወር ውስጥ ከክብደት ከመቶ 5 እጅ በላይ መቀነስ አደገኛ ምልክት ነው፤ 50 ኪሎ ለነበረ ሰው ይህ ሁለት ኪሎ ተኩል ብቻ ነው። ቀበቶ መላላቱና ልብስ መስፋቱም ከሚዛኑ በፊት የሚናገሩ ምስክሮች ናቸው።

ሁለተኛ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ ሰዎች የቀጥታ ድጋፍ አለው። ተረጂ በሚመለመልበት ጊዜ ጧሪ የሌለው የካንሰር በሽተኛ እንዳይዘነጋ መሪዎቹ ሊከታተሉ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ቅሬው አለ። ቅሬ ሰው ሲሞት እህልና ቡና ይዞ ይደርሳል። ይኸው ኅብረት በሽተኛው በሕይወት ሳለ በየተራ አንድ ሳህን ገንፎ ወይም አንድ ኩባያ ወተት ቢያደርስ፣ ለሕክምና ለሚሄደውም ስንቅ ቢያዋጣ፣ የቀብሩን ቀን ሊያርቀው ይችላል።

ምግቡ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። የገብስ ገንፎ በቅቤ፣ የባቄላና የምስር ወጥ፣ እንቁላል፣ ወተት በየቤቱ የሚታወቁ ናቸው። ዋናው ነገር በቀን ሁለት ጊዜ ብዙ ከማቅረብ ይልቅ ጥቂት ጥቂቱን አምስት ስድስት ጊዜ ማቅረብ፣ መዋጥ ለሚያቅተውም ማላምና ማቅጠን ነው። እርግጥ ነው ምግብ ካንሰርን አያድንም። ለሞት የተቃረበን ሰው በግድ ማጉረስም ስቃይ ነው። በሕክምና ላይ ላለ በሽተኛ ግን ምግብ እንደ መድኃኒቱ ሊቆጠር ይገባል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ሥራው መጀመር ያለበት አዛውንቱ ከአልጋ ከመዋላቸው በፊት ነው። እህል ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ሲገባ በሚዛን ያልፋል። ያን እህል ዕድሜ ልካቸውን ሲያርሱ የኖሩት አዛውንትም አንድ ቀን በሚዛን ላይ ሊቆሙ ይገባቸዋል።