መውጫ የጠፋበት መተላለፊያ



ጃፓኖች የሚያስፈራ ሲኒማ በመሥራት ከታወቁ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ብዙውን ጊዜ ፍርሃቱ የሚመጣው ከሙት መንፈስ ነውና፣ ልጆቻችሁ ማታ በስልክ ሲመለከቱት ብታገኙ ልባችሁ እንደማይወድደው እናውቃለን። በዚህ ወር የምናነሣው ፊልም ግን ከዚያ ወገን ጥቂት ይለያል። ስሙ «መውጫ 8» ይባላል። አዘጋጁ ጌንኪ ካዋሙራ ሲሆን፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም በዓል ላይ ታየ፤ በነሐሴም በጃፓን ለሕዝብ ቀረበ። መነሻው በ2016 ዓ.ም. የወጣ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ከጨዋታ ቁም ነገር ይወጣል ብለን አልጠበቅንም ነበር።

ታሪኩ ከጥቂቱ በቀር የሚፈጸመው በአንድ ጠባብ ስፍራ ነው፤ ይኸውም ከመሬት በታች ባለ የባቡር ጣቢያ ውስጥ የሚገኝ መተላለፊያ ነው። ግድግዳው ነጭ ነው፤ በአንድ በኩል ማስታወቂያዎች ተለጥፈዋል፣ በሌላው በኩል የተዘጉ በሮች አሉ። ቦርሳ የያዘ አንድ ሰው ከፊት ለፊት እየመጣ ዝም ብሎ ያልፋል። ዋናው ተዋናይ ጥጉን ይዞራል፤ እንደ ገና ያው መተላለፊያ፣ ያው ማስታወቂያ፣ ያው መንገደኛ። በግድግዳው ላይ የተጻፈው ሕግ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፤ እንግዳ ነገር ያየ ወዲያው ይመለስ፣ ያላየ ወደ ፊት ይሂድ፣ በ8ኛውም መውጫ ይውጣ። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ወደ ዜሮ ይመለሳል።

በቄስ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ይህን ሕግ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። እኛ ዳዊት በምንደግምበት ዘመን፣ የሚጠብቀውን ፊደል ያላላ ልጅ ቢኖር መምህሩ ዐይናቸውን እንኳ ሳይገልጡ «ተመለስ» ይሉት ነበር፤ ልጁም ከመዝሙሩ መጀመሪያ ይነሣል። በፊልሙም የሚያስጨንቀው እንዲሁ ጥቃቅኑ ነገር ነው። የበሩ እጀታ ከቦታው ቢዛወር፣ መንገደኛው ፈገግ ቢል፣ ያ ነው እንግዳው ነገር። ደም ሳይፈስ፣ ሰይፍ ሳይመዘዝ፣ ተመልካቹ የፈገግታ ያህል ነገር ያስፈራዋል።

ነገር ግን ይህን ሥራ ከተራ ማስፈራሪያ የለየው፣ ሰውየው መተላለፊያው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። በባቡር ተሳፍሮ ሳለ ሕፃን ያለቅሳል፤ አንድ ተሳፋሪም በእናቲቱ ላይ ይጮኽባታል። ሰው ሞልቷል፤ አንድም ሰው ቃል አይተነፍስም። ይህም ሰው ማዳመጫውን በጆሮው እንደ ሰካ ዝም ይላል። ከባቡሩ ከወረደ በኋላ የተለያት ወዳጁ ደውላ ማርገዟን ትነግረዋለች፤ የሚመልስላት ያጣል። መንገዱ የሚጠፋበት ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ በነጩ ግድግዳ ላይ የነጥብ ያህል ለውጥ እንዲያስተውል የተገደደው ሰው፣ በባቡሩ ውስጥ ያን የሚያህል ነገር አይቶ እንዳላየ ያለፈው ነው። ለእኛ ፍርሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለሕፃናት እንዲታይ አንመክርም፤ ሌሊት የሚያባንን ነገር አለበት። ለአካለ መጠን የደረሱት ግን ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ቢያዩት የሚነጋገሩበት አያጡም።

የተዘጋ ስፍራ ታሪክ ለመስማት ደግሞ እስከ ጃፓን መሄድ የግድ አይደለም። ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በበሽሎ ሸለቆ አጠገብ፣ መቅደላ አለች። ዙሪያዋን ገደል ያጠራት አምባ ናትና ዐፄ ቴዎድሮስ ግምጃ ቤታቸውንም ወህኒያቸውንም አደረጓት። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮንና ባልንጀሮቹ እስከ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በዚያ ታስረው ነበር፤ ስለ እነርሱ ብዙ ተጽፏል። እነርሱ ከመፈታታቸው ጥቂት ቀን አስቀድሞ ወደ ገደል ስለ ተወረወሩት አገሬዎች እስረኞች የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

እኛ የመቅደላ ነገር በተነሣ ቁጥር የምናስበው ወይዘሮ ወርቂትን ነው። በ1848 ዓ.ም. በልጅነታቸው ከሸዋ የተወሰዱት ምኒልክ፣ በሰኔ 1857 ዓ.ም. በሌሊት ከአምባይቱ አምልጠው የደረሱት ወደ እኒህ የወሎ እመቤት ነበር። የወርቂት ልጅ አመዴ ደግሞ በዚያው ጊዜ በመቅደላ እስረኛ ነበር። ልጃቸውን በምኒልክ ሊለውጡ አስበው ነበር የሚሉ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ቢያስቡስ፣ እናት ናቸውና ማን ይፈርድባቸዋል? ቴዎድሮስ ግን ምኒልክ ወደ ወርቂት መግባታቸውን ባወቁ ጊዜ አመዴን ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር አስገደሉት። ወርቂትም ምኒልክን አሳልፈው ሳይሰጡ ወደ ሸዋ ሸኟቸው። የባቡሩ ተሳፋሪ ከመቀመጫው ቢነሣ ምን ያጣ ነበር? ጥቂት ኀፍረት፣ ቢበዛ አንድ ስድብ።

ወደ ፊልሙ እንመለስና፣ ሰውየው ከብዙ ድካም በኋላ 8ኛውን መውጫ ያገኛል፤ እንደ ገናም ራሱን በባቡሩ ውስጥ ያገኘዋል። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ያው ጩኸት ይሰማል። ፊልሙ እዚህ ላይ ያበቃል። ይህን ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በተረክንላቸው ጊዜ እኩሌቶቹ «ይነሣል» አሉ፤ እኩሌቶቹም «ቢነሣ ኖሮ ባሳዩን ነበር» ብለው ተከራከሩ። አንዲት ልጅ ግን «ተነሣ እንበል፤ የመጀመሪያው ቃል ምን ይሁን?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ የጃፓን ባቡር መሆኑ ቀረና፣ ወደ ደሴ በሚሄደው አውቶቡስ ረዳቱ በአንዲት እናት ላይ ቢጮኽ ማን ቀድሞ ምን እንደሚል ሆነ፤ ደወሉ እስኪደወልም አልተስማሙም።