ድንጋይ ተብሎ የሚሸጠው ሙጫ

ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ቤት ለማሠራት ከባሱንዳ ገንዘብ ለሚልክ ሰው፣ ነጋዴ ለወጥ ቤቱ «ኳርትዝ» ሲያቀርብለት «የተፈጥሮ ድንጋይ ነው» ቢለው፣ የነገረው ግማሽ እውነት ነው። ግራናይትና እብነ በረድ ከተራራ ተፈልጠው፣ ተሰንጥቀውና ተወልውለው ይመጣሉ። ኳርትዝ የሚባለው ሰሌዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከክብደቱ 90 በመቶ ያህሉ የተፈጨ ማዕድን ሲሆን፣ ቀሪው የፕላስቲክ ሙጫና ቀለም ነው።

መልካም ጎኑ አይካድም። ሎሚ እብነ በረድን ይበላዋል፤ ኳርትዝን ግን በቀላሉ አይጎዳውም፤ ዘይትም አይሰርገውም። ይሁንና ከምድጃ የወረደ ድስት ሙጫውን ሊለበልበው ይችላል፤ ግራናይት የተሻለ ሙቀት ይችላል።

የከፋው የቆራጩ ዕጣ ነው። ሰሌዳው ያለ ውኃ ሲቆረጥ የሚበንነው ደቃቅ የሲሊካ ብናኝ ሲሊኮሲስ የተባለ ፈውስ የሌለው የሳንባ በሽታ ያስከትላል። ግራናይትም ሲሊካ አለው፤ መጠኑ ግን በእጅጉ ያንሳል። አውስትራሊያ በዚህ ሳቢያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሰሌዳውን ማምረትንም፣ መሸጥንም፣ መግጠምንም አግዳለች።

የወጥ ቤት ውበት በሌላ ሰው ሳንባ ሊገዛ አይገባም። ነጋዴ የሚሸጠውን በስሙ ይጥራ፤ ገዢም ከዋጋው አስቀድሞ «በምን ተሠራ? በውኃ ነው የሚቆረጠው?» ብሎ ይጠይቅ።