ለወታደር ወንድም ምን ይጻፋል?

በዛሬው ዓምዳችን ስለ ደብዳቤ እንጫወታለን። ስለማንኛውም ደብዳቤ አይደለም። ወታደር ቤት ላለ ወንድም ወይም እህት ስለሚጻፍ ደብዳቤ ነው።

በጣና ዳርቻ ባሉ መንደሮች ብዙ ቤት ወታደር ወጥቶበታል። ፊደል ቆጥሮ የጨረሰ ሰው መጀመሪያ ምን ማንበብ ይፈልጋል? ዳዊት የሚል አለ። የማዳበሪያ ደረሰኙን የሚልም አለ። ብዙ ሰው ግን ከሣጥኑ ውስጥ የወንድሙን ደብዳቤ ያወጣል። ደብዳቤው የቆየ ነው። ቃሉንም በጆሮው ያውቀዋል። ቢሆንም በገዛ ዓይኑ አላየውም። ያነበበለት ሌላ ሰው ነበር።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። በ1975 ዓ.ም. ደግሞ የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ወጣ። አዋጁ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ ሰው 6 ወር እንዲሠለጥን፣ 2 ዓመት እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር። ለብዙዎች ግን 2 ዓመቱ በ2 ዓመት አላለቀም። እንግዲህ ሁለት ነገር ባንድ ዘመን ወደ አንድ ቤት ገባ ማለት ነው። ወንድሙ ጠመንጃ ይዞ ሄደ። እቤት የቀረችው እህት ማታ ማታ በኩራዝ ሀ ሁ ቆጠረች።

ከዚያ በፊት ደብዳቤ ሲመጣ እንዴት ይነበብ ነበር? የጎረቤት ተማሪ ይጠራል። ቡና ይፈላል። ሰው ይሰበሰባል። ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል። እናት «እስቲ ድገመው» ትላለች። ልጁ ይደግመዋል። እውነቱን ለመናገር ይህ ደስ የሚል ነገር ነበር። የአንድ ቤት ደብዳቤ የመንደሩ ሁሉ ደብዳቤ ነበር። ዛሬ ሁሉም በየስልኩ ተደፍቶ ስናየው ያ ቡና ይናፍቀናል።

ግን ችግር ነበረበት። ወንድም ለእህቱ ብቻ ሊነግራት የፈለገውን ነገር ምኑ ላይ ይጽፈዋል? «ታምሜ ተኝቼ ነበር፤ ለእማማ እንዳትነግሪ» ብሎ ቢጽፍ ልጁ በእማማ ፊት ጮክ ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ አይጽፈውም።

መልሱም እንዲሁ ነበር። እህት ባሕር ዳር ገበያ ስትወርድ ፖስታ ቤት አጠገብ ወደተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ትሄዳለች። እሷ ትናገራለች፤ እሱ ይጽፋል። ጸሐፊው ደግሞ የለመደው አጻጻፍ አለው። «ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ።» ከዚያ የዘመድ ስም ይደረደራል። እገሌ ሰላም ይልሃል፣ እገሊት ሰላም ትልሃለች፤ ወረቀቱ ያልቃል። ወንድም ደብዳቤውን ሲጨርስ ስለ ቤቱ ያወቀው ነገር የለም። ሁሉም ደህና ነው። ላሚቱም ደህና ናት፣ ጎተራውም ደህና ነው፣ ሐይቁም ደህና ነው። እንዲህ ያለ አገር የት አለ?

እኛ ሰላምታውን ተዉት አንልም። ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ትእዛዝ ይመስላል። ወታደር ደግሞ ትእዛዝ አልጎደለበትም። ሰላምታው ይጠር፤ ወረቀቱ ለወሬው ይትረፍ ነው የምንለው።

ምን ወሬ? ትንንሹን ወሬ። ወታደር ቤት የነበሩ ሰዎች ሲያወጉ ብትሰሙ ቶሎ ይገባችኋል። ብር ሸለቆ በሥልጠና ላይ ያለ ልጅ ማለዳ ሲነሣ ምን ያስባል? ትልቁን የአገር ጉዳይ ሬዲዮ ይነግረዋል። የእናቱ ጉልበት ተሽሎት እንደሆነ ግን ሬዲዮ አይነግረውም። ጥጃው ወንድ ይሁን ሴት፣ ሩዙ ታጭዶ እንደሆነ፣ የትኛው ዓሣ ገበያ እንደወጣ የሚነግረው የቤቱ ሰው ብቻ ነው።

አንድ ደብዳቤ ለምሳሌ እንጻፍ። ጸሐፊዋ ከፎገራ በኩል፣ ከሐይቁ ምሥራቅ ዳር ናት እንበል። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ለታናሽ ወንድሟ ትጽፋለች።

«ይድረስ ለወንድሜ። እንደምን ከርመሃል? እኛ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን። ይህን የምጽፍልህ እኔው ራሴ ነኝ። ፊደሉ ቢጣመም አትሣቅ።

«ሩዙን አጭደን ጨርሰናል። እርጥበቱ ሳይጠፋ ጓያ ዘርተን በቅሏል። ላሚቱ ወለደች። ጥጃዋ ሴት ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። ስም አላወጣንላትም። አንተ አውጣላት ብላለች እማማ።

«እማማ ጉልበቷን ያማታል። ጧት ጧት ይብስባታል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይሻላታል። ጤና ጣቢያ ወስጃት ኪኒን ሰጥተዋታል። ከዚህ የተደበቀ ሌላ ነገር የለም።

«የሠራሃት ታንኳ በስብሳለች። ደንገል ዕድሜ እንደሌለው ታውቃለህ። ታናሻችን አዲስ ሠርቷል። እንዳንተ አላሰራትም፤ ወደ ግራ ታዘነብላለች። በክረምቱ ነጭ ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራ ወንዝ ሲወጣ ብዙ ሰው መረብ ዘርግቶ ነበር። የእኛ ልጅ ግን ዓሣው ይውለድ ብሎ ተወው። አሁን ቀረሶና አምባዛ ይይዛል። እምቦጩ መረቡን እያሰረ አስቸግሮታል።

«ውሻህ እስካሁን ማታ ማታ ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ ይተኛል። ጠርተነው አይመጣም።

«አንተስ? ምን ትበላለህ? ጫማው ልክህ ነው ወይ? ከማን ጋር ትተኛለህ? ያገር ልጅ አለ ወይ? የት እንዳለህ አልጠይቅህም። እህትህ።»

ይኸው ነው። ደብዳቤው አጭር ነው፤ ግን ወንድሟ ደጋግሞ ያነበዋል። ለጥጃዋ ስም ሲያስብ ያድራል። እህቲቱ የእናቱን ሕመም እንዳልደበቀችው ልብ በሉ። ትንሹን ሕመም ስትነግሩት፣ «ደህና ናት» ስትሉትም ያምናችኋል። ሁልጊዜ «ሁሉም ደህና» ከሆነ ግን ምኑን ይመን? ስለ ላሚቱ ወሬ አጥቶ ስለ እናቱ ሲባንን ያድራል።

«የት እንዳለህ አልጠይቅህም» ያለችውም በዕውቀት ነው። ወታደር ያለበትን ቦታ፣ መቼ እንደሚንቀሳቀስ፣ ስንት ሆነው እንዳሉ አይናገርም። ቢናገር በራሱም በጓደኞቹም ላይ አደጋ ያመጣል። ስለዚህ አትጠይቁት። በስልክም አትጠይቁት። ስለ ጫማውና ስለ ምግቡ ጠይቁት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ቤት ውስጥ ሰው ቢሞትስ?

በአገራችን መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ወግ አለው። ሽማግሌዎች በማለዳ ይሄዳሉ። ዘመድና ጎረቤት አብሮ ይሰበሰባል። ሰውየው ሲሰማ የሚይዘው እጅ በዙሪያው አለ። ይህ ጥሩ ወግ ነው። ወታደር ግን ደብዳቤውን የሚከፍተው ብቻውን ሊሆን ይችላል። ምናልባት ምሽግ ውስጥ ነው። ምናልባት ዘብ ሊወጣ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። «አባባ አረፈ» የሚል ወረቀት በዚያ ሰዓት አይላክም።

ስለዚህ ቤተሰብ ይደብቃል። መደበቁ ግን መልክ መልክ አለው። አንዳንዱ የሟቹን ስም ከሰላምታው ውስጥ ያወጣዋል። ወንድም ደግሞ ይቆጥራል። በፊት «አባባ ሰላም ይልሃል» የሚል ነበር፤ አሁን የለም። ያን ጊዜ ያውቃል፤ የሚያስለቅሰው ሰው ግን አጠገቡ የለም። አንዳንዱ ቤተሰብ ደግሞ ይብሳል። አርባው ወጥቶ ተዝካሩ ተበልቶ «አባባ ሰላም ይልሃል» ብሎ ያስጽፋል። ልጁ ዓመት ቆይቶ ፈቃድ አግኝቶ ይመጣል። ለአባቱ ጋቢ ገዝቶ ይዟል። በሩ ላይ ሲደርስ እናቱን በጥቁር ልብስ ያያታል።

እንዲህ የሆነበት ሰው ሐዘኑን ቶሎ ይረሳ ይሆናል። ቂሙን ግን አይረሳም። «ባባቴ ስም ሰላምታ ላካችሁልኝ» ይላል። የሚቀየመው እናቱን አይደለም፤ ደብዳቤውን የጻፈችውን እህቱን ነው። እንግዲህ ቀድሞ ጥፋቱን በጸሐፊው ማሳበብ ይቻል ነበር። ዛሬ ብዕሩን የያዛችሁት እናንተው ናችሁ።

እኛ እንዲህ ቢሆን እንላለን። በሟች ስም ሰላምታ አትጻፉ፤ ለአንድ ቀንም ቢሆን። መርዶውን ሰው ያድርስ። ወንድማችሁ አብሮት ያለ ያገር ልጅ ስም ከዚህ በፊት ጽፎላችሁ ይሆናል። ከላይ ባለው ደብዳቤ «ያገር ልጅ አለ ወይ?» ተብሎ የተጠየቀው ለወሬ ብቻ አይደለም። ለዚያ ሰው ደውሉ ወይም ጻፉ። እሱ ለአለቃቸው ይነግራል፤ ጓደኞቹን ይሰበስባል፤ በማለዳ ያረዱታል። ወታደር ቤትም ዕድርተኛ አለ፤ አብሮ የሚያለቅስ ጓድ አለ። ከዚያ በኋላ እናንተ ጻፉ። አባባ ምን አሞት እንደነበር፣ በመጨረሻ ምን እንዳለ፣ ማን እንዳስታመመው፣ የት እንደተቀበረ፣ ለቀብር ማን ማን እንደመጣ ዘርዝሩለት። ቀብር ላይ ያልቆመ ሰው ይህን ሁሉ ማወቅ ይፈልጋል። እያለቀሳችሁ ብትጽፉም ግድ የለም፤ ቀለሙ ቢፈስስ ይገባዋል።

የእሱ ዝምታስ? ይህም ያለ ነገር ነው። ከግንቦት 1990 እስከ ሰኔ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት በነበረ ጊዜ ሞባይል ስልክ በገጠሩ ገና አልነበረም። ቤተሰብ የሚጠብቀው ደብዳቤና ከግንባር የተመለሰ ሰው ነበር። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተካሄደው ጦርነት ጊዜ ስልክ በየኪሱ ነበር፤ ሆኖም በብዙ ቦታ መስመሩ አይሠራም ነበር። ወራት ሙሉ የወንድማቸውን ድምፅ ያልሰሙ ብዙ ናቸው። ስልኩ ጥሪ አልቀበል ሲል ሰው ሞቷል ማለት አይደለም። ባትሪው አልቆ ይሆናል፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ይሆናል፤ ስልክ መያዝ ተከልክሎ ይሆናል። ገበያ ላይ «ያንተ ወንድም እኮ…» ብሎ የሚጀምር ሰው ሲመጣ «በዓይንህ አይተሃል? መቼ? የት?» ብላችሁ ጠይቁት። ካላየ ወሬውን ወደ እናታችሁ ጆሮ አታድርሱ። እናንተ ግን መጻፉን አታቋርጡ። የሚጠብቅ ሰው እጁን ሥራ ሲያስይዝ ይሻለዋል። አጭር የስልክ መልእክትም ቢሆን ተልኮ ይቆያል፤ ስልኩ ቶሎ ከተከፈተ ይገባለታል።

ስለ ስልክ ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። ዛሬ ብዙ ወታደር ለእናቱ ገንዘብ የሚልከው በቴሌብር ነው። አገልግሎቱ የተጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ገንዘብ ሲደርስ ከ127 መልእክት ይመጣል። መልእክቱን እናንተ አንብቡ። ስንት ብር፣ ከማን፣ የቀረው ሒሳብ ስንት እንደሆነ ይላል። ከሌላ ከማናውቀው ቁጥር «ገንዘብ በስሕተት ልኬብሻለሁ፤ መልሺ» የሚል ቢመጣ ሌባ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። የሚስጥር ቁጥሩን ለማንም አትስጡ፤ ለሚያነብላችሁ ተማሪም ቢሆን። ወንድማችሁ ያንን ብር ብርድ ላይ ቆሞ ነው ያገኘው።

ለደብዳቤ ደግሞ አድራሻው ትክክል ይሁን። የወንድማችሁን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ጻፉ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ስመ ሞክሼ ሞልቷል። የክፍሉን ቁጥር እሱ እንደጻፈላችሁ አድርጋችሁ ገልብጡት። አንዲት አኃዝ ብትሳሳቱ ደብዳቤው ሌላ አገር ይዞራል። የራሳችሁን ስምና የፖስታ ሣጥን ቁጥር ከኋላ ጻፉ። ሣጥን ከሌላችሁ የትምህርት ቤቱን ወይም የቀበሌውን ጠይቃችሁ ተጠቀሙ፤ በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው ፖስታ ሣጥን ድረስ እንጂ ጎጆ ድረስ አይመጣም። ቴምብሩ ከፊት፣ ከላይ በስተቀኝ ይለጠፋል። ባሕር ዳር ገበያ የሚወርድ ጎረቤት ካለ ፖስታ ቤት እንዲያስገባላችሁ ስጡት። ግን አሽጋችሁ ስጡት።