ብስክሌት ሲገዛ መንገዱ ይታሰብ



በዚህ በአንባብያን ዓምድ ስለ ትራንስፖርት፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ኑሮ ውድነት ብዙ ሲጻፍ አነባለሁ። ስለ ብስክሌት የሚጽፍ ሰው ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከአንባብያኑ መካከል በየመሥሪያ ቤቱ የዕቃ ግዢ ኮሚቴ ውስጥ የሚቀመጡ፣ እንዲሁም ከወር ደመወዛቸው ቀንሰው ለልጃቸው ወይም ለራሳቸው ብስክሌት ለመግዛት የሚያስቡ ብዙዎች መሆናቸው የታወቀ ስለሆነ፣ ይህችን አሳብ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በምኖርበት በሲቀላ፣ ማለት በታችኛው አርባ ምንጭ፣ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ በሚያወጣው ዋና አስፋልት ላይ ባጃጁ፣ ሙዝ የጫነው አይሱዙና አውቶቡሱ ሲተራመስ ይውላል። ባለፈው ዓመት ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ከኋላው የመጣ ጭነት መኪና ገፍቶት እግሩ ተሰብሮ አንድ መንፈቅ ሙሉ ከትምህርት ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ በሠፈራችን ያሉ ወላጆች ለልጆቻቸው ብስክሌት መከልከል ጀምረዋል። በእኔ አስተያየት ግን ሊከለከል የሚገባው ብስክሌቱ ሳይሆን አስፋልቱ ነው። በሙዝና በማንጎ እርሻ መካከል የሚያልፉት የጋሪ መንገዶች፣ ከከተማው ግርጌ ወደ ምንጮቹ ጫካ የሚወርደው ጥርጊያ፣ በኩልፎ ወንዝ ዳር ያሉት የእግር መንገዶች ሁሉ ከመኪና ጩኸት የራቁ ናቸው። ችግሩ ብዙዎቻችን የምንገዛው ብስክሌት ለእነዚህ መንገዶች የማይሆን መሆኑ ነው።

አገራችን የብስክሌት እንግዳ አይደለችም። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን በተደረገው የኦሎምፒክ ውድድር፣ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው በሆነው፣ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞቻችንም ተሰልፈዋል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ገብረማርያም የፈረንሳይን ዙር የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይህ ሁሉ ግን የአስፋልት ውድድር ነው። ለአቧራና ለኮረት መንገድ ታስቦ የተሠራው ብስክሌት ታሪኩ አጭር ነው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ጥቂት ወጣቶች አሮጌ ወፍራም ጎማ ያላቸውን ብስክሌቶች እየጠጋገኑ ከተራራ ቊልቊል ሲጋልቡባቸው ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ጆ ብሪዝ የተባለው ለዚሁ ብቻ የሚሆን ብስክሌት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ የኦሎምፒክ ውድድር ሆነ። እንግዲህ ዛሬ በገበያችን «የተራራ» እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ ስሙን ከዚያ ወሰደ እንጂ፣ ጠባዩን የወሰደው ጥቂቱ ብቻ ነው።

ወደ ምርጫው ልመለስና ከጎማው ልጀምር። የቆላ መንገድ የመጀመሪያ ጠላት የግራር እሾህ ነው። እሾሁ ቀጭኑን ጎማ አልፎ የውስጡን ጎማ ለመብሳት አንድ አፍታ አይፈጅበትም። ስለዚህ ጎማው ወርዱ ሁለት ኢንች ያህል፣ ጥርሱም ጐላ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ከዚህም ጋር ያረጀ የውስጥ ጎማ ለሁለት ሰንጥቆ በአዲሱና በውጪው ጎማ መካከል ማንጠፍ ብዙ እሾህ ያስቀራል፤ ወጪውም ባዶ ነው። የነፋስ ማስገቢያው እንደ መኪና ጎማ ያለ ቢሆን በየጎሚስታው ማስነፋት ይቻላል። ነገር ግን የጎሚስታው መንፊያ ለጭነት መኪና የተዘጋጀ ስለሆነ ልጁን «እስኪጠነክር ንፋ» ብለው ጥለውት አይሂዱ። ሁለት ኢንች ወርድ ያለው ጎማ በኮረት መንገድ ላይ በካሬ ኢንች ከ30 እስከ 40 ፓውንድ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሲጠነክር በየድንጋዩ ይነጥራል፤ ለስለስ ሲል ግን ድንጋዩን እየዋጠ ያልፋል።

ስለ ጎማ ቊጥርም ሰው ብዙ ይታለላል። «29» የሚባለው አዲሱ ጎማና «28» የሚባለው የፊኒክስና የመሰሎቹ ጎማ ተቀራራቢ ይመስላል፤ ሆኖም የአንደኛው ቸርኬ 622፣ የሁለተኛው 635 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ ከቶ አይገባም። «26» የሚባለውም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። የተራራው 559 ሲሆን፣ ቀጭኑ የከተማ ጎማ 590 ነው። ይህ ቊጥር በጎማው ጐን ላይ ተቀርጾ ይገኛልና ከመግዛት በፊት ማንበብ ነው። በእኔ አስተያየት ለእኛ አገር ዛሬም የሚሻለው 559ኙ ነው፤ ትልቁ ጎማ ጉድጓድ በማለፍ ይበልጠዋል፣ ነገር ግን መለወጫ የማይገኝለት ጎማ አንድ ቀን ከተቀደደ ብስክሌቱ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ነገር ሞላ ነው። ዛሬ ወጣቶቻችን ከፊትም ከኋላም ሞላ የሌለውን ብስክሌት እንደ ብስክሌት አይቈጥሩትም። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ በቀይና በቢጫ ቀለም ያሸበረቀውን ባለ ሁለት ሞላ ከፊት ያቆማል። ጥሩ ሞላ ጥሩ ነገር ነው፤ ዋጋው ግን አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ሊነካው የሚችል አይደለም። ርካሹ ሞላ ከባድ ብረት ነው፤ ሲረገጥ ይዘላል እንጂ ድንጋጤውን አያበርድም። ጋላቢው ዳገት ሲወጣ ጉልበቱን የሚበላው ይኸው ሞላ ነው፤ ውሃና ጭቃ ከገባበትም በኋላ ዝጎ ይነክሳል። ስለዚህ በዚያው ዋጋ ሞላ የሌለው፣ ጎማው ወፍራም፣ አጽሙ ቀጥ ያለ የብረት ብስክሌት ቢገኝ ዐይንን ጨፍኖ መግዛት ይሻላል። ብረት ቢሰበር ሲቀላ ውስጥ የሚበይደው አይጠፋም፤ አሉሚኒየም ግን ቀላል ቢሆንም የሚበይደውን ሰው መፈለጉ ራሱ ሌላ ጉዞ ነው።

ማርሽን በተመለከተ አገራችን ተራራ መሆኗን መርሳት የለብንም። ሲቀላ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ጨንቻ ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ትገኛለች። የፊት ጥርሱ 48፣ የኋላው 20 የሆነ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሁለት ጊዜ ከግማሽ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይዞራል። ይህ ለሜዳ መልካም ነው፤ በዳገት ግን ጉልበት ይሰብራል። ከፊት 22፣ ከኋላ 34 ጥርስ የሚያገኝ ብስክሌት በአንድ የፔዳል ዙር ጎማውን አንድ ዙር እንኳ አያሞላም፤ ጋላቢው ቀስ እያለ ይወጣል። ሻጩ «ባለ 21 ማርሽ» ብሎ ሲያሞግስ የማርሹን ብዛት ትቶ ትንሹን የፊት ጥርስና ትልቁን የኋላ ጥርስ ቈጥሮ መግዛት ነው።

ከጨንቻ ሲወረድ ደግሞ ፍሬን ይፈተናል። በዘንግ የሚሠራው የድሮው ፍሬን የብረቱ ቸርኬ ውሃ ከነካው ጨርሶ አይዝም ማለት ይቻላል። በገመድ የሚሳብ፣ ቸርኬው አሉሚኒየም የሆነ ፍሬን ይበቃል። ዲስክ ያለውም በገመድ የሚሳበው ይሻላል፤ በዘይት የሚሠራው ዘይቱ ሲፈስ እዚህ የሚሞላው የለም።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን ልምጣ። በየቀበሌው የሚዞሩ የግብርና ባለሙያዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። የጤናው ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ስሙን መጥራት የማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት ለመስክ ሠራተኞቹ ብስክሌቶች ገዝቶ ሲያከፋፍል በዐይኔ አይቻለሁ። ሁሉም አንድ ቁመት፣ ሁሉም የወንድ፣ ሁሉም የጎማ መከለያቸው ከጎማው ጋር የተጣበቀ ነበሩ። ቀሚስ የለበሰች አጭር ሴት ያን አግዳሚ ብረት እንዴት አድርጋ ትሻገረው? ሚያዝያና ግንቦት መጥቶ የዋልካው ጭቃ በጎማውና በመከለያው መካከል ሲጠቀጠቅ ብስክሌቱ ሰውን መሸከሙ ቀርቶ ሰው ብስክሌቱን ተሸክሞ መግባት ሆነ። ዓመት ሳይሞላ ከመጋዘን ተደረደሩ። ኮሚቴው ሕጉን አልጣሰም፤ ዝቅተኛውን ዋጋ ነው የመረጠው። ነገር ግን ሠራተኞቹን ጠርቶ ቢያቆማቸውና አግዳሚውን ሲሻገሩ በእግራቸውና በብረቱ መካከል አራት ጣት ያህል ክፍተት መኖሩን ቢመለከት፣ ከጨረታው ወረቀትም ላይ የጎማውን ወርድና ትንሹን ማርሽ ቢጽፍ ምን ይከብደው ነበር? ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በተወደደበት ጊዜ፣ በመጋዘን የሚዝግ ብስክሌት የሕዝብ ገንዘብ ነው።

«መምህርና የቢሮ ኃላፊ በብስክሌት ቢሄድ ክብሩ ይቀንሳል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። መልስ ልሰጣቸው ብዬ አላውቅም፤ ባጃጅ ውስጥ አራት ሆነን ተጣብበን ስንወርድ ክብራችን ከየት ላይ እንደተቀመጠ ግን መጠየቅ እወዳለሁ።

ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው መሪው ከአጽሙ ጋር በሚጋጠምበት ላይ ያለውን ብየዳ በጣቱ ይዳስስ፤ ቀለሙ በቀጭኑ የተሰነጠቀ ከሆነ ይተወው። ጎማውን አንሥቶ ሲያዞረው ቸርኬው ግራና ቀኝ የሚወላገድ፣ ኩሽኔታውም የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ዋጋውን ያስቀንስ። የራስ ቊርም ሳይረሳ ይግዛ።

በመጨረሻም በእኛ ከተማ ለሚጋልቡ አንድ ቃል። ወደ ነጭ ሳር ፓርክ ክልል ፈቃድ ሳይጠይቁ አይገቡም። ኩልፎ ከጫሞ ሐይቅ ወደሚገባበት፣ «አዞ ገበያ» ወደሚባለው ዳር ብስክሌት ይዞ መጠጋትም አይገባም። ጉማሬው ሣር ለመጋጥ ከውሃው የሚወጣው ሲመሽ ስለሆነ፣ ከሐይቁ ዳር ያሉት መንገዶች ከ11 ሰዓት በኋላ ለእርሱ ቢተዉ መልካም ነው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከሲቀላ፣ አርባ ምንጭ